የዶክተር ታምሩ ቀዝቃዛ እግር

የልደቱን ጥሪ ካርድ ያመጣችልኝ የዶክተር ታምሩ ልጅ ናት። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ጃንጥላዋን በረንዳ ላይ አራግፋ ስትገባ የረጠበ ሱፍ ሽታ ይዛ ገባች። «ጋሼ፣ አባባ ሰማንያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እርስዎ የመጀመሪያው ረዳቱ ነበሩ አሉ። ስለ ጥሩነቱ አምስት ደቂቃ ቢናገሩልን» አለችኝ። አየኋት። ፊቷ መልካም ነው፣ ጨዋ ናት፣ ደግነቱ አባቷን አትመስልም። «እሺ የኔ ልጅ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ልጅቷ ስትወጣ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ታውቀኛለች። ወንበር አስጠግቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሳፋዋን አወረድኩ። ነጭ ቅብ ሳፋ ናት፣ ጠርዟ ሰማያዊ፣ መሐሏ ላይ ቀይ ጽጌረዳ አለባት። ሐምሳ ዓመት አልፏታል፣ ቅቧ አንድ ሁለት ቦታ ተልጧል፣ ጽጌረዳዋ ግን እንዳለች ናት። አቧራዋን እየጠረግሁ የረጠበው ሱፍ ሽታ ከክፍሉ አልወጣ ብሎኝ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰደኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዶክተር ታምሩን በአፌ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። በብዕሬ ግን አንቱታ አልሰጠውም። ያልከፈልኩት አንቱታ እሱ ዘንድ የቀረብኝን ነገር አይተካውም፣ ግን ትንሽ ደስ ይለኛል።

ደብረ ማርቆስ የገባሁት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አፍሮዬን አበጥሬ፣ ታቹ የሚሰፋ ቴርጋል ሱሪዬን ለብሼ፣ በብርድ የሚያንቀጠቅጥ ናይለን ሸሚዝ ደርቤ። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የጭነት መኪና ሾፌሮች አፍሮዬን እያዩ ሳቁብኝ፣ ሻይ ግን በአሥር ሳንቲም ጋበዙኝ። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥኔ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት «ምንድነው ጌታው፣ የሬሳ ሣጥን እንዳይሆን?» ሲለኝ «ባዮፊዚክስ ነው» አልኩት። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ሌላ ገመድ አሰረበት። ያን ጊዜ በአገሩ ስንት ሰው ይህን ቃል ያውቅ እንደነበር እንጃ፣ እኔ ራሴም የማውቀው ግማሹን ነው። የሕያው ነገር ፊዚክስ ማለት ነው፤ ልብ ስትመታ፣ ጡንቻ ሲሳብ፣ ነርቭ መልእክት ሲያደርስ በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መለካት። ከተማው ያኔ አንድ ረጅም መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ባህር ዛፉ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ ከሻይ ቤቱ የሸክላ ማጫወቻ የሚወጣው የክራርና የሳክስፎን ድምፅ፣ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው ገበያ የሚወርዱት ገበሬዎች። ዛሬ ሄጄ ባየው አላውቀውም፤ ልጄ ባለፈው ዓመት ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ሳፋዋን የገዛሁበት የሐጂ ሰይድ ሱቅ የነበረበትን ጥግ እንኳ መለየት አቃተኝ፤ ቦታው ላይ ባንክ ተገትሯል።

የተላክሁት ለጓያ ነው። ጓያ ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ብቻ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው፣ ድሃ ሽሮውንም ቂጣውንም ከሱ ይሠራል። ክፉ ዘመን መጥቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን አንድ ቀን ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ጎበዝ አራሽ በሁለት ምርኩዝ እግሩን እያጣመረ ሲሄድ ካየህ «ጓያ ሰብሮት ነው» ይሉሃል። ሲቀቀል እንፋሎቱ ይሰብራል የሚሉ ነበሩ፣ ሲያብብ በማሳው ያለፈ ይሰበራል የሚሉም ነበሩ። የእኔ ጥያቄ አንድ ነበር፦ የተጎዳው የእግሩ ነርቭ ነው ወይስ ከዚያ በላይ፣ አከርካሪው ውስጥ ያለው? አለቃዬ ዶክተር ታምሩ ነው። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ካራቫቱ የማይወላገድ፣ በእንግሊዝኛ የሚስቅ ሰው። «ይህን ሥራ ከጨረስክ ስምህ ከስሜ ጋር ይታተማል፣ በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ወደ ውጭ ትሄዳለህ» ብሎ ከአዲስ አበባ ሸኘኝ። እሱ ራሱ ዝናቡንም ጭቃውንም አይወድም። ስሜን ታትሞ ማየት ምን ያህል እፈልግ እንደነበር ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ እኔ አልስቅም።

የተከራየሁት እትዬ የውብዳር ግቢ ነው፣ በወር ስድስት ብር። እትዬ የውብዳር የከተማውን ትልቅ ሰው፣ ደጃዝማቹን፣ ወጥ የሚሠሩላቸው ሴት ናቸው። የደጃዝማቹን ስም የማልጠራው ዘመዶቻቸው ስላሉ ነው። በሣጥኑ ያመጣሁትን ማሽን እልፍኛቸው ውስጥ አቆምኩ። ከጉልበት ኋላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ነዘር እሰጣለሁ፣ የእግር ጣቱ አካባቢ ያለው ጡንቻ ሲነሣ በማሽኑ መስታወት ላይ አረንጓዴ መስመር ይዘላል። በነዘሩና በዝላዩ መካከል ያለችው ቅጽበት ናት የእኔ እንጀራ። ነርቭ ከተጎዳ መልእክቱ ይዘገያል። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ሁሉ ዘገዩ። ለዶክተሩ ጻፍኩለት፣ በደስታ «የእግር ነርቭ ነው፣ አገኘነው!» ብሎ መለሰልኝ። በኋላ ከደብረ ኤልያስ በኩል አቶ ደርሶ የሚባል ሰው በበቅሎ ተጭኖ መጣ። በረዶ የጣለበት ቀን ነበር። እግሩን ልይዝ ስጎነበስ እትዬ የውብዳር ገፍተውኝ ገቡ።

«እንዴ! ከደብረ ኤልያስ ድረስ የመጣ ሰው እግሩ ሳይታጠብ ምን ይጠየቃል? እግዜርስ ይወደዋል?»

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ሥራህ ይቆይ። እንግዳ ነው።»

ማንቆርቆሪያውን ከምድጃ አንስተው፣ የራሳቸውን የእንጨት ገበቴ አቅርበው፣ የአቶ ደርሶን እግር እስከ ጉልበቱ በሞቀ ውሃ አሹለት። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን፣ አሜን» እያለ ነበር። ከዚያ ለካሁት። መስመሩ አልዘገየም፤ እንደ እኔ እግር ፈጠነ። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ሽቦ ነቅዬ ሰካሁ፣ አሁንም ያው። እግሩ ቀዝቅዞ ሲቆይ ለካሁት፣ ዘገየ። ገባኝ። ቀዝቃዛ ነርቭ ሰነፍ ነው። ያ ሁሉ ባዶ እግሩን የሄደ ድሃ በብርዱ ነበር የዘገየው፣ ጓያው የመታው ሌላ ቦታ፣ ከላይ ከአከርካሪው ነው። በማግሥቱ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄጄ ይህችን ሳፋ ገዛሁ። ሐጂ «ለሙሽራ ናት?» አሉኝ። «ለነርቭ ናት» አልኳቸው። ስቀው ሃያ አምስት ሳንቲም ቀነሱልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግሩን በእጄ አጠብኩት፣ ከዚያ ለካሁት። የአንዳቸውም የእግር ነርቭ አልተጎዳም። ያንን ክረምት ያህል በሕይወቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እጄ በሳሙና ተሰነጣጥቆ፣ ልቤ ግን ሞልቶ።

ለዶክተሩ ይህንኑ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም። የመጣው እሱ ራሱ ነው፣ በፍልሰታ ጾም፣ በላንድሮቨር፣ ታትሞ የወጣ ጽሑፉን ይዞ። የመጀመሪያዎቹ የብርድ ልኬቶቼ ነበሩ፣ ሁሉም። ማሽኑ ጓያ የበላን ሰው ገና ሳይሰበር ለይቶ ያውቃል ይላል። ከላይ የሱ ስም ብቻ አለ። ገልብጬ ከታች ፈለግሁ፣ በምስጋናው ውስጥ እንኳ የለሁበትም።

«ዶክተር፣ ይህ እኮ ስሕተት ነው፣ እግራቸው ቀዝቅዞ ነው። ደግሞስ ስሜ የታለ?»

ሳፋዬን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «አንተ ተመራማሪ ነህ ወይስ እግር አጣቢ?» አለኝ። «እግር ማጠብ ደራሲ አያደርግም። ነገ ለደጃዝማቹና ለከተማው ሹማምንት ማሽኑን አሳያለሁ። አንተ ሽቦውን ትይዛለህ፣ አፍህንም ትይዛለህ። ያለዚያ የውጭ አገሩን ትምህርት እርሳው።»

እትዬ የውብዳር በሩ ላይ ቆመው ሰሙት። ለእንግዳው የታጠፈውን ፎጣ መልሰው ወደ ጓዳ ወሰዱት። እኔም «እሺ ዶክተር» አልኩ። እሺ ስል ግን ውስጤ የሆነ ነገር ተዘጋ፣ ዛሬም አልተከፈተም።

በማግሥቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዶክተሩ በማሽኑ መስታወት ላይ ቀይ ክር ለጥፎ «የተከበራችሁ እንግዶች፣ መስመሩ ከዚህ ክር ካለፈ ሰውዬው ጓያ ነክቶታል ማለት ነው። ማሽን አያዳላም» ብሎ አስረዳ። አንዱን ገበሬ ሊያስቀርብ ሲል ደጃዝማቹ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የለም፣ ከእኔ ጀምር። የሚያም ከሆነ ሹም ይቅመሰው።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፣ እግራቸውን እያየሁ ነበር። ፍልሰታ ነው እንግዲህ፤ ደጃዝማቹ ከጠዋት ጀምሮ ጫማቸውን አውልቀው በቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ላይ ሲያስቀድሱ ውለው፣ ቁርባኑ ካበቃ በኋላ በቀጥታ ነው የመጡት። እግራቸውን ስይዘው እንደ ወንዝ ድንጋይ በረደኝ። ማንቆርቆሪያዬ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከሰል ላይ፣ ሞቆ ተቀምጧል፤ ከልማዴ ተነሥቼ አፍልቼው ነበር። ዶክተሩን ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ቃል ብናገር ይድናል። አፌን ያዝኩ፤ እንዳዘዘኝ። አልጸጸትም፣ ያን ዝምታ ዛሬ ቢሸጡልኝ ደግሜ እገዛዋለሁ።

ነዘሩን ሰጠሁ። አረንጓዴው መስመር ተንቀራፎ፣ ተንቀራፎ፣ ከቀዩ ክር ወዲያ ሄዶ ዘለለ። ከፊት የተቀመጡት አዩ። ከኋላ ያሉት ደግሞ ፊተኞቹ እንዴት እንደደነገጡ አይተው ገባቸው። ጓያ የድሃ ምግብ ነው፣ የተራበ ሰው ምግብ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ደጃዝማች «ጓያ በል» ከማለት እናቱን መስደብ ይቀላል።

ደጃዝማቹ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይህ ሣጥን እኔን ምን አለኝ?» ብለው ጠየቁ።

ዶክተሩ ካራቫቱን ነካካ። «ጌታዬ… ማሽኑ… ምናልባት እርስዎ ሳያውቁ ይሆናል። ጾም ነው፣ ሽሮ ይበላሉ። ሽሮውን የምታዘጋጀው ሴት ጓያ ቀላቅላበት ይሆናል።»

ራሱን ለማዳን የሰውን አንገት አቀረበ ማለት ነው፤ ለዚያውም ሲያድር የመኝታ ቦታውን ያነጠፉለትን፣ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቃቸውን ሴት። እትዬ የውብዳርን ከደጃዝማቹ ግቢ ሁለት ዘበኞች እየገፉ አመጧቸው። ነጠላቸው ወድቆ ጭቃ ላይ ተጎትቷል፣ እጃቸው በርበሬ እንደያዘ ነው።

«ጌታዬ፣ በታቦቱ እምላለሁ፣ ሽምብራ ነው! ባቄላና ሽምብራ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ እጄን ሲበሉ ኖረው…»

ያን ጊዜ ብድግ ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ሳፋዬንና ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ዶክተሩ ጥርሱን ነክሶ «ተቀመጥ!» አለኝ።

«ጌታዬ፣ እግርዎን ልጠብልዎት» አልኳቸው ለደጃዝማቹ።

«ምን?»

«እግርዎ ቀዝቅዟል። እኚህ ሴት ያስተማሩኝ ነው። አጥቤዎት ደግሜ ልለካ። አሁንም ክሩን ካለፈ ያን ጊዜ እኔንም እሳቸውንም አብረው ይቅጡን።»

ደጃዝማቹ እግራቸውን ዘረጉ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ እግር አጥቤ አላውቅም። ተረከዛቸውን፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ ባታቸውን እስከ ጉልበት። ውሃው ሲበርድ ጨመርኩ። በአዳራሹ የሚሰማው ማሽኑን የሚያሠራው ጄኔሬተርና የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዶክተሩ ከኋላዬ ሲተነፍስ እሰማ ነበር፣ ቸኩሏል፣ እኔ አልቸኮልኩም። እግራቸው ቀልቶ ሲሞቅ አድርቄ ለካሁ። መስመሩ ከክሩ ወዲህ፣ እንደ ጎረምሳ፣ ፈጥኖ ዘለለ። እልልታው ከሴቶቹ በኩል ተነሣ። ደጃዝማቹም ለዘበኞቹ «ልቀቋት፣ ነጠላዋንም አንሡላት» አሉ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ሳፋዋን ደፍቼ፣ ሽቦዬን ይዤ ወደ ዶክተሩ ዞርኩና «እርስዎም ጫማዎን ቢያወልቁ» አልኩት፣ በታላቅ አክብሮት። ቀጭን የከተማ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ነበር የዋለው። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ደጃዝማቹ ግን ከወዲያ «አውልቅ እንጂ፣ ማሽን አያዳላም አላልክም?» አሉት። አወለቀ። ካልሲው በተረከዙ በኩል ቀዳዳ ነበረው፣ ይህን በተለይ አስታውሳለሁ። ነዘሩን ሰጠሁት፣ ከሚገባው ጥቂት ከፍ አድርጌ። መስመሩ ክሩን አልፎ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ዶክተሩም ጓያ በል ናቸው ጌታዬ» አልኩ።

ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሹማምንቱ፣ ገበሬዎቹ፣ ዘበኞቹ፣ ሁሉም። ማታውኑ በየጠላ ቤቱ «ዶክተር ጓያ» ተብሎ ነበር፣ ላንድሮቨሩ በማግሥቱ ከከተማው ሲወጣ ልጆች በዚሁ ስም እየጠሩ ሸኙት። እትዬ የውብዳር የወሩን ኪራይ አልተቀበሉኝም። በጠዋት ወደ ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሰዎች ባርኔጣቸውን እያነሡ ሰላም አሉኝ፣ ሐጂ ሰይድም ከሱቃቸው ወጥተው «ለነርቭ ናት!» እያሉ ሳቁ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ማሸነፍ ማለት ሰው መሳቁ ይመስለኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበትኩ፤ ምክንያቱ የጠባይ ጉድለት። ወደ ውጭ ሌላ ሰው ሄደ። እኔ እዚያው ጎጃም ውስጥ፣ በኋላም ሌላ ሌላ ቦታ፣ ዘመኑም ሲገለባበጥ እኔም አብሬው ስገላበጥ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊዚክስ አስተማርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ ይላሉ። ግን ነገሩ በዚያ ቢያበቃ እኮ እተወው ነበር። ከዓመታት በኋላ ሐኪም የሆነ ተማሪዬ እቤቴ መጥቶ በወሬ መካከል ስለ ነርቭ አለካክ ሲያጫውተኝ «መጀመሪያ በሽተኛውን እግሩን በሙቅ ውሃ እናሞቀዋለን፤ የዶክተር ታምሩ ዘዴ ይባላል» አለኝ። ሻይ ስጠጣ ነበር፣ ስኒውን አስቀመጥኩ። ለካ ዶክተሩ ከዚያ አዳራሽ ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ጽሑፍ አሳትሟል። እግር ይቀዘቅዛል፣ ነርቭ ይዘገያል፣ ስለዚህ መታጠብ አለበት፣ የጓያም ጉዳት አከርካሪ ውስጥ ነው ብሎ። ታዋቂ ያደረገው፣ ሜዳይ ያስገኘለት፣ ልጆቹን ያስተማረበት እሱ ነው። ያ የናቀው እግር አጠባ የሱ ስም ወጣለት። የውርደቱን ቀን እንኳ ሰረቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሳስብ የማድርበት ጊዜ አለ፤ ሰው ይቅር በል ይለኛል፣ ቄሱም ባለቤቴም። እኔ ደግሞ የሰረቀው ይመልስ፣ ከዚያ እናያለን እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ሳፋዋን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ሪባን አስሬ። የሆቴሉ አዳራሽ በአበባ ተሞልቷል፣ ግድግዳው ላይ ዶክተሩ በወጣትነቱ ካራቫት አስሮ የተነሣው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። እሱ ራሱ ከመድረኩ ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጉልበቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተደርቦለት። ልጁ በጆሮዬ «እግሩ አልሞቅ እያለ አስቸገረን፣ ሌሊትም ቀንም ይበርደዋል። አእምሮው ግን እንደ ድሮው ነው» አለችኝ። እንኳን ደህና ሆነ አልኩ በልቤ፤ ነገሩን ለረሳ ሰው ብዬ ይህን ሁሉ መንገድ አልመጣም ነበር።

ተራዬ ደርሶ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ስለ ጥሩነቱ የምናገረው አምስት ደቂቃ የሚሞላ ነገር አላገኘሁም፣ ስለዚህ «ስጦታ ይዤ ነው የመጣሁት» ብዬ ወርጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰው አጨበጨበ። ሪባኑን ፈታ፣ ወረቀቱን ቀደደ። ነጩ ቅብ፣ ሰማያዊው ጠርዝ፣ ጽጌረዳው። ልጁ ጎንበስ ብላ «ምንድነው አባባ? ምን ያደርግልሃል?» አለችው። እሱ በጣቱ ጽጌረዳዋን ዳሰሳት፣ ቅቧ የተላጠበትን ቦታ ዳሰሰ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አውቆኛል። ዓይኑ ውኃ አቀረረ፣ ከእርጅናም ይሁን ከሌላ እንጃ።

«ውሃውስ?» አለኝ፣ በቀጭን ድምፅ።

ጆሮው አጠገብ ጎንበስ አልኩ።

«ስሜን ሲያመጡልኝ» አልኩት።

ከዚያ ወደ ቦታዬ ተመልሼ የቀረበልኝን ኬክ በላሁ። የጾም ኬክ ነበር፣ ጣፍጦኛል።